1200 የማን ቁጥር ነው?

ዛሬ ከፖለቲካ ወጣ ብዬ ስለ ምግብ ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት። ስጨርስ ግን ያው ፖለቲካ ሆኖ አገኘሁት። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

በአገራችን ድህነት የሚለካው ከካሎሪ ተነስቶ ነው። የምግብ ድህነት ወለል ሲሰላ መነሻው አንድ አዋቂ ሰው በቀን 2200 ካሎሪ የሚያገኝበት የምግብ መጠንና ዋጋ ነው። ይህን መሸመት ያቃተው ከወለሉ በታች ነው ይባላል። ለተፈናቃዮች ራሽን ሲታቀድ ደግሞ የዓለም አቀፉ የሰብዓዊ እርዳታ መመዘኛ የሚነሳው ለአንድ ሰው በቀን በአማካይ ከ2100 ካሎሪ ነው፤ ሕፃኑም አዛውንቱም አንድ ላይ ተደምረው ማለት ነው። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ካሎሪ ስል በሳይንሱ ኪሎ ካሎሪ የሚባለውን ነው፤ በየማሸጊያው ላይ የምታዩት እሱው ነው።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ያዙልኝ። አሁን ስልካችሁን ክፈቱ። «ቦርጭ ማጥፊያ በ30 ቀን»፣ «7 ኪሎ በአንድ ወር»፣ «ዋስትና ያለው»። አብዛኞቹን ገለጥ ስታደርጓቸው አንድ ሦስተኛ ቁጥር ታገኛላችሁ፦ በቀን 1200 ካሎሪ። ለተፈናቃይ በነፃ ከሚታቀደው በግማሽ ገደማ ያነሰ ምግብ፣ ጤነኛ ለሆነች የከተማ ልጅ በገንዘብ ይሸጥላታል። ገዝታም ታመሰግናለች።

ይህን የምለው ከሩቅ አይደለም። የእህቴ ልጅ 24 ዓመቷ ነው። ቁመቷ 1 ሜትር ከ62፣ ክብደቷ 57 ኪሎ ነበር። ሱቅ ውስጥ ቆማ ስትሸጥ ትውላለች፣ ጠዋትና ማታ ታክሲ ሰልፍ አለባት፣ ቤት ስትገባ ደግሞ እናቷን ታግዛለች። ለጓደኛዋ ሠርግ ሚዜ ሆና ቀሚስ ስትለካ፣ «ጋሼ፣ 50 ካልገባሁ ቀሚሱ አያምርብኝም» አለችኝ። እኔም ሳቅኩባት። ጥፋቴ እዚያ ላይ ነው። መሳቁን ትቼ አብሬያት ማስላት ነበረብኝ።

ብር ልካ «ፕሮግራም» ገዛች። ሻጩ ቁመቷን አልጠየቃትም፣ ዕድሜዋንም አልጠየቃትም፣ ቆማ እንደምትውልም አላወቀም። የጠየቃት የከፈለችበትን ስክሪንሾት ብቻ ነው። ከዚያ ለሌሎቹም የላከውን ያንኑ ወረቀት ላከላት። አንድ ወር ጨረሰች፤ ሚዛኑ እንደተነገራት አልወረደም። ስለዚህ «በደንብ አልጾምሽም» ተባለችና ሁለተኛውን ወር ገዛች። በሁለተኛው ወር ታክሲ ሰልፍ ላይ ዞሮባት ሰው ደግፎ አስቀመጣት። የወር አበባዋም ቀርቶ ነበር፤ ለእናቷ እንኳ አልተናገረችም። ክሊኒክ ስንወስዳት ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀቻት «ምንድን ነው የምትበዪው?» ብላ ነበር። ሠርጉ አለፈ። ቀሚሱም ሰፋት።

እንግዲህ ያኔ ያላሰላሁትን አሁን አብረን እናስላው።

እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ፣ ሚፍሊን-ሴንት ጆር የሚባል ቀመር አለ። የሥነ ምግብ ባለሙያዎች በሰፊው ይጠቀሙበታል። ለመሥራት ከአራተኛ ክፍል ሒሳብ አያልፍም፦

ክብደትን በኪሎ ወስዶ በ10 ማባዛት። ቁመትን በሴንቲ ሜትር ወስዶ በ6.25 ማባዛትና ከላዩ ላይ መደመር። ዕድሜን በ5 አባዝቶ መቀነስ። በመጨረሻም ሴት ከሆነች 161 መቀነስ፣ ወንድ ከሆነ 5 መደመር።

የልጅቷ ሒሳብ፦ 570 ሲደመር 1012.5፣ ሲቀነስ 120፣ ሲቀነስ 161። ውጤቱ 1300 ገደማ ነው። ይህ ማለት ሰውነቷ ምንም ሳይሠራ፣ ቀኑን ሙሉ ተጋድማ ብትውል እንኳ ለመተንፈስ፣ ለልብ ምት፣ ለአንጎልና ለሙቀት ብቻ የሚያወጣው ነው። የተሸጠላት 1200 ነበር። ቆማ ለምትሸጥ፣ ሰልፍ ለምትጠብቅ፣ ደረጃ ለምትወጣና ለምትወርድ ልጅ፣ አልጋ ላይ ተኝታ ከሚያስፈልጋት ያነሰ ምግብ ማለት ነው።

የዕለት ፍላጎቷን ለማግኘት ያንን 1300 በእንቅስቃሴዋ መጠን እናባዛዋለን። ተቀምጦ የሚውል ሰው 1.4 አካባቢ፣ ቆሞ የሚሠራና የሚራመድ ከ1.5 እስከ 1.7፣ በጉልበት የሚሠራ 2 አካባቢ ይሆናል። እሷን በ1.5 ብንይዛት 1950 ይመጣል። 57 ኪሎዋን ይዛ ለመቆየት የሚያስፈልጋት በግምት ይህ ነው።

አሁን የሻጩን ቃል ኪዳን በራሱ ቁጥር እንፈትነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7700 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። 7 ኪሎ ስብ 53,900 ማለት ነው። ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን ወደ 1800 ካሎሪ ጉድለት ያስፈልጋል። ከ1950 ላይ 1800 ሲቀነስ የሚቀራት 150 ካሎሪ ነው፤ አንድ ተኩል ሙዝ ማለት ነው። እሱ ባዘዘላት 1200 ቢሆን ደግሞ በወሩ መጨረሻ ሊቀልጥ የሚችለው ስብ 3 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ «1200» እና «7 ኪሎ» የሚሉት የማስታወቂያው ሁለት ቁጥሮች እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። ቀሪው ኪሎ ከወረደ የሚወርደው ውሃና ጡንቻ ነው። ውሃው ሁለት ቀን በወጉ ሲበላ ይመለሳል፤ ጡንቻው ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም። ይህን ሒሳብ ያልሠራ ሰው ነው «ደንበኛዋ ደካማ ናት» ብሎ ሁለተኛ ወር ያስከፈላት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶቻችን ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

ለመሆኑ ይህ 1200 ከየት መጣ? አዲስ ግኝት አይደለም። ቁጥሩን በሰፊው ካስተዋወቁት አንዷ ሉሉ ሀንት ፒተርስ የተባለች የሎስ አንጀለስ ሐኪም ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1918 ባሳተመችው የካሎሪ መጽሐፍ ክብደት መቀነስ ለሚፈልጉ መከረችው። ከመቶ ዓመት በኋላ ያው ቁጥር፣ በሌላ አገር፣ ለሌላ ሰውነት፣ ጭራሽ መቀነስ ለማያስፈልጋት ልጅ ይሸጣል።

«በትንሽ ረሃብ ማን ሞተ?» ለሚሉም መልስ አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945፣ በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የተባለ ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ለስድስት ወር በግማሽ ረሃብ አቆያቸው። ይበሉ የነበረው በቀን በአማካይ 1570 ካሎሪ ገደማ ነበር። ልብ በሉ፣ በሙከራው የገቡት ወፍራሞች አይደሉም፤ ክብደታቸው ጤናማ የሆነ በፈቃዳቸው የመጡ ልጆች ናቸው። ሩብ ያህል ክብደታቸውን አጡ። በሙቀት ይበርዳቸው ጀመር፣ ልባቸው ቀስ አለ፣ ተከዙ፣ ተናደዱ፣ ቀንና ሌሊት የሚያስቡት ምግብ ብቻ ሆነ። ሰውነታቸውም የሚያወጣውን ጉልበት ራሱ ቀነሰ። ቁጠባ ገባ ማለት ነው። የኛዋ ልጅ ቁርጥ እንዲህ ነበረች። «ፍላጎት የለሽም» ተብላ ስትወቀስ፣ ሰውነቷ ግን ሥራውን በትክክል እየሠራ ነበር።

ዋናው ነጥቤ እዚህ ጋ ነው። የክብደት ምክር ሁሉ የሚጻፈው ብዙ ኪሎ መቀነስ ለሚያስፈልገው ሰው ነው። የእኛ አገር አብዛኛው ሰው ግን እዚያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 22 በመቶዎቹ ከሚገባው በላይ ቀጫጮች፣ 8 በመቶዎቹ ደግሞ ከልክ በላይ ክብደት ያላቸው ነበሩ። የቀሩት 70 በመቶ በጤናማው ክልል ውስጥ ናቸው። ከተማ ላይ ውፍረቱ ከፍ ይላል፤ እሱን አልክድም። ግን ለእነዚህ 70 በመቶ ማን ጻፈላቸው? ማንም። ስለዚህ የተጻፈውን የሌላ ሰው ልብስ ይለብሳሉ።

ለእነሱ ሒሳቡ የሚለየው በዚህ ነው። ብዙ ስብ ያከማቸ ሰው ሰፋ ያለ ጉድለት ቢፈጥር ሰውነቱ የሚያወጣው መጠባበቂያ አለው። ጤናማ ክብደት ላይ ያለ ሰው ግን መጠባበቂያው ትንሽ ነው፤ ትልቅ ጉድለት ሲመጣበት ከጡንቻው ይቆርሳል፣ ሴት ከሆነች የወር አበባ ሥርዓቷን ይዘጋል፣ ሲቆይም አጥንት ይጎዳል። ስለዚህ ጥያቄው «ስንት ልቀንስ?» ከመሆኑ በፊት «ባለሁበት ለመቆየት ስንት ያስፈልገኛል?» መሆን አለበት። መነሻው እሱ ነው። ከዚያ የሚቀነስ ካለ፣ ከዚያ ላይ ትንሽ ነው የሚቀነሰው።

ታዲያ እንዴት? ማንም ብር ሳይልክ የሚሠራው ይህ ነው።

አንደኛ፣ ጭራሽ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ እዩ። ክብደትን በኪሎ፣ ቁመት በሜትር ሲባዛ በራሱ ላይ አካፍሉት። ውጤቱ ከ18.5 እስከ 24.9 ከሆነ ጤናማ ክልል ውስጥ ናችሁ። ልጅቷ 21.7 ነበረች፤ መሐል ላይ ማለት ነው። ከዚያ ወገባችሁን በሜትር ለኩ፤ የቁመታችሁን ግማሽ ካልሞላ ጥሩ ነው።

ሁለተኛ፣ ከላይ ያለውን ቀመር ሥሩ። ውጤቱ ግን ግምት ነው። ለብዙ ሰው ከእውነተኛው በ10 በመቶ ልዩነት ውስጥ ያርፋል፤ ከዚያ የሚያልፍበትም ሰው አለ። ስለዚህ እንደ ፍርድ ሳይሆን እንደ መነሻ ያዙት።

ሦስተኛ፣ በራሳችሁ ሚዛን አረጋግጡ። ለሦስት ሳምንት እንደወትሮው ብሉ፣ የበላችሁትንም ጻፉ። ጠዋት ሽንት ቤት ከሄዳችሁ በኋላ፣ ምንም ሳትበሉ ተመዘኑና የሳምንቱን አማካይ ውሰዱ። የአንድ ቀን ቁጥር አያስደንግጣችሁ። ጨው የበዛበት ወጥ፣ የወር አበባ መቃረብ፣ የበዓል ማግስት አንድ ሁለት ኪሎ ውሃ ሊያወጣና ሊያወርድ ይችላል። አማካዩ ካልተነቃነቀ የምትበሉት ያው የዕለት ፍላጎታችሁ ነው። ከየትኛውም ቀመር በላይ እሱን እመኑ።

አራተኛ፣ የግድ ሁለት ሦስት ኪሎ መቀነስ ካማራችሁ፣ ከዚያ ላይ 10 በመቶ ብቻ ቀንሱ። ለልጅቷ 200 ካሎሪ ገደማ ይሆን ነበር። በሳምንት 180 ግራም አካባቢ፣ ሁለት ኪሎ በ11 ሳምንት፤ ሰውነት እየለመደ ሲሄድ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። «ይህማ ምን ይሸጣል?» ትሉ ይሆናል። አይሸጥም። ለዚህ ነው ማንም የማይነግራችሁ።

ነፍሰ ጡር ሴት፣ ዕድሜው 18 ያልሞላ፣ የስኳር መድኃኒት የሚወስድና ከምግብ ጋር ተጣልቶ የሚያውቅ ሰው ግን ይህንንም ያለ ሐኪም አይሞክር። የምታጠባ እናትማ እንኳን ልትቀንስ፣ በቀን 500 ገደማ ተጨማሪ ያስፈልጋታል።

«እንጀራን እንዴት ልቁጠር?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ስልክ ላይ ያለው ማስሊያ «1 እንጀራ» ብሎ አንድ ቁጥር ይሰጣችኋል። የማን እንጀራ? የእናታችሁ ምጣድና የገበያው ምጣድ አንድ ነው? መልሱ ሊጣችሁ ውስጥ አለ። አንድ ኪሎ የጤፍ ዱቄት 3670 ካሎሪ ገደማ ነው። ከአንድ ኪሎ 6 እንጀራ ከወጣላችሁ አንዱ 610 አካባቢ ነው፤ ስስ ተደርጎ 10 ከወጣ 370 አካባቢ። ዘይቱንም እንዲሁ። አንድ ሊትር 8100 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። ባለ 5 ሊትሩን ጀሪካን አምስት ሰው በወር ከጨረሰው ለእያንዳንዱ በቀን 270 ይደርሰዋል። «ጾም ስለሆነ ቀለል ያለ ነው» የምንለው ምግብ ዘይት ከበዛበት አይቀልም፤ በዓመት 180 ያህል ቀን ለሚጾም ሰው ደግሞ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ይህን ካወቃችሁ 200 ካሎሪ የት እንዳለ ታገኙታላችሁ። በቀን ሦስት ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው ወደ አንድ አንድ ማንኪያ ቢያወርደው 95 ገደማ ይቀንሳል። ከሰሐኑ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ቢጎድል 120። በቃ፣ ሞላ። እንጀራው አልተነካም፣ ሽሮው አልተነካም፣ ከቤተሰብ መሶብ የሚነሳ ሰው የለም። ከዚህ ጋር ከባድ ነገር ማንሳት፣ ደረጃ መውጣት፣ ምስርና ባቄላ እንቁላልም አለመቀነስ ጡንቻን ያቆያል።

ሦስት ተቃውሞ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ።

የመጀመሪያው፦ «እኔ በ1200 ቀንሻለሁ፣ ምንም አልሆንኩም»። ሊሆን ይችላል። 65 ዓመቷ የሆነች፣ 1 ሜትር ከ50፣ 50 ኪሎ የምትመዝን፣ ተቀምጣ የምትውል እናት ፍላጎቷ 1330 ገደማ ነው፤ ለእሷ 1200 ትንሽ ቅነሳ ነው። በሌላ በኩል የ35 ዓመት ወንድ፣ 1 ሜትር ከ74፣ 70 ኪሎ፣ ቢሮ የሚውል ከሆነ 2260፣ ግንባታ ላይ የቀን ሠራተኛ ከሆነ 3200 ያስፈልገዋል። ተመሳሳይ ቁመት፣ ተመሳሳይ ክብደት፣ ልዩነቱ ወደ አንድ ሺህ ካሎሪ። ለሁሉም አንድ ወረቀት የሚልክ ሰው ለአንዷ ቢገጥምለት በዕድል ነው።

ሁለተኛው፣ የተማሩት የሚያነሱት፦ «የኢትዮጵያውያን አካል ይለያል፤ በዚያ መለኪያ ጤናማ ተብሎ ስቡ የበዛ አለ»። እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ የጥናቶች ማጠቃለያ ኢትዮጵያውያን በእኩል የስብ መጠን ከነጮች ያነሰ ቁጥር እንደሚያሳዩ ጽፏል። ወገብ ለኩ ያልኩትም ለዚህ ነው። ግን ስቡ በዝቶ ጡንቻው ላነሰ ሰው መድኃኒቱ ጡንቻውን የሚበላ ረሃብ ነው? በተቃራኒው፣ እንቅስቃሴና በወጉ መብላት ነው።

ሦስተኛው በጣም የሚያመኝ ነው፦ «ሰው በሚራብበት አገር ስለ ካሎሪ ማውራት ቅንጦት ነው»። ወገኔ፣ በሚራብበት አገር ካሎሪ የማያውቅ የለም፤ ስሙን ባያውቀው ሆዱ ያውቀዋል። ቅንጦቱ ሒሳቡ አይደለም። ቅንጦት የሚሆነው አንድን አገር ሙሉ «2200 ያላገኘ ድሃ ነው» ብለን እየቆጠርን፣ ያገኘችውን ልጅ ደግሞ «1200 ካልበላሽ አታምሪም» ስንላት ነው። የመጀመሪያዋ ብር አጥታ ነው የራባት፤ ሁለተኛዋ ብር ከፍላ። ሰውነት ግን ደረሰኝ አያይም፤ የሚያየው ጉድለቱን ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ፕሮግራም የሚሸጥላችሁን ሰው ብር ከመላካችሁ በፊት አንድ ነገር ታዘቡት። ዕድሜሽን፣ ቁመትሽን፣ ክብደትሽን፣ ሥራሽን፣ የወር አበባሽና የጤናሽን ሁኔታ ጠየቀሽ? ካልጠየቀ የሚሸጠው ምክር አይደለም፣ ቁጥር ነው። ጠይቆ ደግሞ «ጤናማ ክልል ውስጥ ነሽ፤ መቀነስ አያስፈልግሽም» ብሎ ብርሽን የሚመልስ ካገኘሽ፣ እሱ ባለሙያ ነው፤ ስሙን ለጓደኞችሽ ንገሪ።

የእህቴ ልጅ አሁን 56 ኪሎ ናት። የወር አበባዋ የተመለሰው በወጉ መብላት ከጀመረች ከወራት በኋላ ነው። ባለፈው እሁድ ቤት መጥታ ሁለተኛ እንጀራ ስትዘረጋ እናቷ በዝምታ ታያት ነበር። «ጋሼ፣ ዛሬ አትቆጥርብኝም?» አለችኝ። «ቆጥሬ ጨርሻለሁ፣ ብዪ» አልኳት።

ይህን ለምታውቋት አንዲት ሚዜ፣ ለአንዲት ሙሽራ አስተላልፉ። ሠርጉ ሳይደርስ።

ቸር እንሰንብት።